የተጠራው ባይመጣስ?

በ725 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በጃሮ ገዳም የነበረው መነኩሴ ቤድ ስለ ዘመን ስሌት አንድ መጽሐፍ ጻፈ (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። የመጽሐፉ ዋና ጉዳይ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ማስላት ቢሆንም የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያወራው ስለ ጣት ነው፤ በሁለት እጅ ጣቶች እስከ ብዙ ሺህ ድረስ እንዴት እንደሚቆጠር ያስተምራል። ቤድ በዚህ አላበቃም። ለእያንዳንዱ ፊደል በተራው ቁጥር ከተሰጠው ያለ ድምፅ መነጋገርም ይቻላል ይላል፤ ወዳጅ በከዳተኞች መካከል ተቀምጦ ቢታይ፣ ጣት እያጠፉና እየዘረጉ «ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ በካንተርበሪ አንድ የብራና ጽሑፍ ተዘጋጀ። የቤነዲክቶስ መነኮሳት በጸጥታ ሰዓት አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚግባቡባቸውን 127 የእጅ ምልክቶች በአገሩ ቋንቋ፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ይዘረዝራል። አበምኔቱን ለማመልከት ሁለት ጣት ራስ ላይ አድርጎ ፀጉርን መያዝ ይበቃል። ጽሑፉ እያንዳንዱን ምልክት «ታከን» ይለዋል፤ የዛሬው «ቶክን» አያት ነው፤ «ማስተማር» ማለት የሆነው «ቲች» የተባለው ግስም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ማሳየትና ማስተማር አንድ ግንድ ነበራቸው ማለት ነው።

ከታከን ጎን ሌላ ቃል ነበር፤ የዚህ ትረካ ባለቤትም እሱ ነው። «ቤአከን» ማለት የሚታይ ምልክት፣ ከሩቅ የሚያበራ ነገር ማለት ነበር። ስለ መስቀል ሕልም የሚተርከው የጥንታዊ እንግሊዝኛ ግጥም በወርቅ የተለበጠውን ዕፀ መስቀል የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ከስሙ «ቢክኒያን» የሚል ግስ ወጣ፤ ትርጉሙም ያለ ድምፅ ምልክት ማሳየት። በአሥረኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወንጌል ወደ ጥንታዊው እንግሊዝኛ ሲተረጎም፣ መልአኩ አንደበቱን የዘጋበት ካህኑ ዘካርያስ ከመቅደስ ወጥቶ ለሕዝቡ በምልክት ሲናገር የተጻፈለት ግስ ይኸው ነው። ዘካርያስ ማንንም ወደ እሱ እየጠራ አልነበረም፤ የሆነውን ሊያስረዳ ይሞክር ነበር እንጂ። እንግዲህ ቃሉ በዚያን ዘመን ወሰን አልነበረውም፤ በእጅ መጥራት፣ ማሰናበት፣ ዝም ማሰኘት፣ ማስረዳት፣ በዓይን መጥቀስ ሁሉ በእሱ ይጠቃለል ነበር። ዛሬ «ቤከን» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ የቀረው ግን «ወደ እኔ ና» በምትለው አንዲት እንቅስቃሴ ላይ ነው፤ እሷም ብትሆን አብዛኛውን ጊዜ እጅ የሌለው ነገር፣ ባሕር ወይም ሥራ ወይም ሩቅ አገር የሚያደርጋት ሆናለች። ቃሉ እንዲህ የጠበበውና እጁን የጣለው ለምንድን ነው? መዝገበ ቃላት ይህን ሲያስረዱ የትርጉም መጥበብና ዘይቤ ብለው ያልፋሉ። የሆነውን ይነግሩናል፤ የሆነበትን ምክንያት ግን አይደለም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ የነዚህን ቃላት ዕጣ የወሰነው የእጁ ቅርጽ ሳይሆን፣ የተጠራው ሰው ባይመጣ ምን ይደርስበታል የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው መልክ የያዘው ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ነው። አዲሶቹ ጌቶች ከፈረንሳይኛቸው ጋር ያመጡት አንድ ግስ ነበር፤ በ1200 ገደማ ወደ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲገባ «ሳመን» ወደሚባለው ቃል ተለወጠ። የጥንት ታሪኩ የሚያስገርም ነው። ላቲኑ «ከሥር» እና «ማሳሰብ» ከሚሉ ሁለት ክፍሎች የተሠራ ሲሆን፣ ሰውን በስውር ማስታወስ፣ ለጆሮው ብቻ ሹክ ማለት ማለት ነበር። ይህ ሹክሹክታ በእንግሊዝ አገር የችሎት ድምፅ ሆነ። ንጉሥ መኳንንቱን የሚጠራበት ደብዳቤ፣ ፍርድ ቤት ተከሳሽን የሚያቀርብበት ወረቀት፣ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአተኛ ያለችውን የምታስቀርብበት ትእዛዝ ሁሉ በዚህ ቃል ተጠሩ። የእኛ «መጥሪያ» ከድምፅ፣ «ጠራ» ከሚለው በግልጽ የወጣ ነው፤ የእነሱ መጥሪያ ግን አመጣጡ ከሹክታ ነው። ሹክታው እንዴት እንዲህ ጮኸ ቢባል፣ ከጀርባው ቅጣት ስለቆመ ነው። ጌታ ለሎሌው ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም፤ ቀስ ብሎ ያሳሰበውም ትእዛዝ ነው።

ይህ ሥልጣን በተራው ሰው ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳየን ጄፍሪ ቾሰር ነው። በ1400 ሲሞት ሳይጨርስ በተወው «የካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ካሉት ተሳላሚዎች አንዱ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ነው፤ ፊቱ በቁስል የነደደ፣ ሕፃናት የሚሸሹት ሰው። ከባልደረቦቹ ተጓዦች አንዱ የሆነው መነኩሴ ደግሞ እሱን ሊያበሽቅ ስለ ሌላ መጥሪያ አድራሽ ይተርካል። ይህኛው የሐሰት መጥሪያ ይዞ ወደ አንዲት አሮጊት መበለት ቤት ይሄድና 12 ሳንቲም ካልሰጠችው ችሎት ሊገትራት ያስፈራራታል። መበለቲቱ ሰይጣን ይውሰድህ ብላ ትረግመዋለች፤ ሰይጣንም በመንገድ አብሮት የመጣ ጓደኛው ነበርና ርግማኑ ከልብ መሆኑን ጠይቆ ይወስደዋል። ቀልዱ የሚሠራው አንባቢው ቃሉን ስለሚፈራው ነው። በባዶ ወረቀት 12 ሳንቲም ማስከፈል የሚቻለው፣ የእውነተኛው ወረቀት ባለቤት መቅረትን እንደሚቀጣ ሁሉ ሰው ሲያውቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አሮጌው ግስ እንመለስ። ግዴታው ሁሉ ወደ ፈረንሳይኛው ቃል ሲሄድ ለእንግሊዝኛው ምን ቀረለት? ስሙና ግሱ በዚህ ወቅት ተለያዩ። ስሙ፣ ዛሬ «ቢከን» የሚባለው፣ የመንግሥት ሎሌ ሆኖ ኮረብታ ላይ ወጣ፤ ጠላት በባሕር ሲመጣ የሚለኮስ እሳት ሆነ። በ1566 የወጣ ሕግ መርከብ መሪዎችን ለሚያስተዳድረው ትሪኒቲ ሃውስ ለተባለው ማኅበር በባሕር ዳርቻ የመርከብ ምልክቶችን የማቆም ሥልጣን ሰጠ፤ በሐምሌ 1588 የስፔን መርከቦች በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ሲታዩም እሳቱ ከኮረብታ ኮረብታ እየተቀባበለ ወደ መሀል አገር ገባ። ይህን እሳት ያየ የየአውራጃው ጭፍራ መሣሪያውን ይዞ መሰብሰብ ነበረበት። ግሱ ግን ሥልጣን አልነበረውም። በ1600 ገደማ ሼክስፒር «ሐምሌት»ን ሲጽፍ የሞተው ንጉሥ መንፈስ በሌሊት ቆሞ ልጁን በእጁ ይጠራዋል። ጓደኞቹ አትሂድ ብለው ይይዙታል፤ ገደል ሊጨምርህ፣ አእምሮህን ሊያስትህ ይችላል ይሉታል። ይህ ክርክር በራሱ ማስረጃ ነው። መጥሪያ የደረሰውን ሰው ማንም እንዲህ አይከራከረውም፤ የሚከራከሩት መቅረት ስለሚቻል ነው። መንፈሱ የሞተ ንጉሥ ነው፤ ማዕረግ አለው፣ ማስገደጃ ግን የለውም። የቀረው ማባበል ብቻ ነው፤ ቃሉም ከዚያን ጊዜ ወዲህ የያዘው ቀለም ይህ ነው። ልብ በሉ፣ አንደኛው ጓደኛ «ቤከን» ሲል ሌላው «ዌቭ» ይላል፤ ሁለቱም ስለ አንድ እጅ ነው የሚናገሩት። ዛሬ ዌቭ እጅ ማውለብለብ ሆኖ ለሰላምታም ለስንብትም ያገለግላል።

እዚህ ላይ የሚነሳ መቃወሚያ አለ። ዌቭ ከእጅ አልወጣም፤ አንድ ሺህ ዓመት እጅ ላይ ቆይቷል፤ ታዲያ ቃላቱ ሁሉ በግዴታ እየተገፉ ከእጅ ይወጣሉ ማለት እንዴት ይቻላል? እውነት ነው፣ ዌቭ አልወጣም። ነገር ግን ምን እንደሚያዝዝ ብንጠይቅ መልሱ «ምንም» ነው። ና ማለት ይችላል፣ ሂድ ማለት ይችላል፣ እንዴት ዋልህ ማለትም ይችላል። እጁን ያውለበለበለትን ሰው ቸል ያለ ሰው ቢበዛ ባለጌ ይባላል እንጂ አይከሰስም። ማንም ባለሥልጣን ሊጠቀምበት ያልፈለገው ቃል ስለሆነ ማንም ከእጅ ነጥቆ አልወሰደውም።

የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ያስተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ በ1611 ሲታተም አሮጌው ግስ የጥንት ስፋቱን ለመጨረሻ ጊዜ አሳየ ማለት ይቻላል። በዚያ ትርጉም ዘካርያስ ለሕዝቡ የሚያደርገው፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸው ሊቀደድ ሲል በሌላው ታንኳ ላሉ ባልንጀሮቻቸው የሚያደርጉት፣ ጴጥሮስ በማዕድ ላይ ለዮሐንስ የሚያደርገው፣ ከወኅኒ ወጥቶም ወንድሞችን ዝም ለማሰኘት የሚያደርገው፣ ገዢው ፊልክስ ጳውሎስን ተናገር ለማለት የሚያደርገው ሁሉ በአንድ ግስ ተጽፏል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ በእኛም መጽሐፍ ዘካርያስም ዓሣ አጥማጆቹም «ጠቀሱ» ነው የሚባለው። የኋላ እንግሊዝኛ ተርጓሚዎች ግን ግሱን በታተኑት። በ1946 የወጣው የተሻሻለ አዲስ ኪዳን ጴጥሮስ ወንድሞችን ዝም ሲያሰኝና ፊልክስ ጳውሎስን ሲፈቅድለት «ሞሽን» አለ፤ ዘካርያስ ምልክት አሳየ ተባለ። በ1970ዎቹ የወጣው ሌላ ትርጉም ደግሞ ለዓሣ አጥማጆቹ «ሲግናል» የሚለውን መረጠ። የሚገርመው ሞሽን እጅ ከመሆኑ በፊት የምክር ቤት ቃል፣ ለጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ መሆኑ ነው፤ የእጅ እንቅስቃሴን መግለጽ የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ዝም ማሰኘትና የመናገር ፈቃድ መስጠት የሰብሳቢ ሥራ ነውና፣ የጉባኤው ቃል እነዚህን ሁለቱን ከአሮጌው ግስ መውሰዱ የሚጠበቅ ነው።

ይህ የቋንቋ ሁሉ ጠባይ ነው፣ ለእንግሊዝኛ ብቻ ምክንያት መፈለግ ከንቱ ነው የሚል ይኖራል። የእኛው ምስክር ይበቃዋል፤ በግዕዝ «ቀጸበ» በዓይን ወይም በእጅ ጠቀሰ ማለት ነው፤ ከእሱ የወጣው «ቅጽበት» ግን ዛሬ ዓይን የለውም፣ ጊዜ ብቻ ነው። «ጥቅስ»ም ከጣት ወደ መጽሐፍ ገጽ ተሻግሯል። አዎን፣ ቃል ከአካል መውጣቱ የሁሉም ነው። የሚለያየው ወዴት እንደሚወጣ ነው። የእኛዎቹ የሄዱት ወደ ጊዜና ወደ ንባብ ነው፤ የእንግሊዝኛዎቹ ደግሞ ደጋግመው የሚሄዱት ወደ ችሎት፣ ወደ ጦር መርከብና ወደ ምክር ቤት ነው፤ አቅጣጫውን የወሰነው የአገሩ ታሪክ ነው።

ከበድ ያለው መቃወሚያ የመጣው በ1644 ነው። ጆን ቡልወር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የእጅን ቋንቋ በሥዕል ጭምር ያስረዳ «ካይሮሎጂያ» የሚባል መጽሐፍ አሳተመ። አንደበት በባቢሎን ግንብ ሥር ሲደበላለቅ የእጅ ቋንቋ ከዚያ ርግማን አምልጧል፣ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ይረዳዋል ይላል ቡልወር። ይህ እውነት ከሆነ የእጅ ምልክት ትርጉም በእጁ ውስጥ ነው፤ ማዕረግና ግዴታ ከውጭ የተለጠፉ ናቸው፣ የእኔም ክርክር መሠረቱን ያጣል። መልሱ የሚገኘው ከ228 ዓመት በኋላ ነው፤ እዚያ እስክንደርስ ግን ሌሎች ቃላት ይጠብቁናል።

አንደኛው «ኢንዌንዶ» ነው። ዘካርያስን የገለጸው የላቲን ግስ «ራስን እየነቀነቁ ማመልከት» የሚል ነበር፤ ኢንዌንዶም ከዚያው ግስ የወጣ ነው፣ «በመነቅነቅ» ማለት። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የስም ማጥፋት ክስ በላቲን ሲጻፍ፣ ተከሳሹ «ያ ሌባ» ብሎ ስም ሳይጠራ ቢያልፍ ከሳሹ ቃሉን በመሀል አስገብቶ «እኔን ማለቱ ነው» ብሎ ያብራራበት ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ከችሎት ወጥቶ አሽሙር ሆነ፤ በስም ማጥፋት ሕግ ውስጥም እስከ ዛሬ አለ። እዚህ ግዴታው ዞሮ ራሱን በነቀነቀው ሰው ላይ ወድቋል፦ ምልክት ያሳየ ሰው ምልክት ብቻ ነው ብሎ ማምለጥ አይችልም። ስለ «ዊንክ» ብዙ አልልም፤ ጥንት ዓይንን መጨፈን ነበር፣ በኋላ በአንድ ዓይን መጥቀስ ሆነ፤ በ1611ዱ መጽሐፍ እግዚአብሔር የአለማወቅን ዘመን አይቶ እንዳላየ ማለፉ የተነገረው በዚህ ግስ ነው።

አይቶ እንዳላየ ማለፍን ግን በታሪክ ያከበረው ሆሬሽዮ ኔልሰን ነው። በ1794 በኮርሲካ ደሴት ካልቪ ላይ ሲዋጋ የቀኝ ዓይኑን ብርሃን አጣ። ሚያዝያ 2 ቀን 1801 በኮፐንሃገን ጦርነት የበላይ አዛዡ ሰር ሃይድ ፓርከር ከሩቅ ሆኖ 39 ቁጥር ባንዲራ ሰቀለ፤ ውጊያውን አቁሙ ማለት ነው። እንደሚተረከው ኔልሰን መነጽሩን በታወረው ዓይኑ ላይ አድርጎ ምልክቱን አላየሁም አለ፣ ውጊያውም ቀጠለ፣ አሸነፈ። መነጽሩ በትክክል የተነሳ መሆኑን የሚጠራጠሩ አሉ። ፓርከር ምልክቱን የሰቀለው ኔልሰን ከተቸገረ ያለ ወቀሳ እንዲወጣ ፈቃድ ለመስጠት ነበር የሚሉም የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ለእኔ ጉዳይ ይህ ክርክር ከታሪኩ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ያው ጨርቅ፣ ያው ቁጥር፣ በዚያው ነፋስ ላይ እየተውለበለበ፣ ትእዛዝ ነው ወይስ ፈቃድ የሚለውን ባንዲራው ራሱ ሊናገር አይችልም። የሚናገረው ያልታዘዘው ሰው ምን ደረሰበት የሚለው ነው። ኔልሰን ምንም አልደረሰበትም፤ ድል አድርጓልና።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1805፣ በትራፋልጋር ውጊያው ሊጀመር ሲል ይኸው ሰው ለመርከቦቹ ሁሉ አንድ መልእክት በባንዲራ ሊያስተላልፍ ፈለገ። መጀመሪያ ያሰበው እንግሊዝ እያንዳንዱ ሰው ግዴታውን እንደሚወጣ ይተማመናል የሚል ነበር። የምልክት መኮንኑ ጆን ፓስኮ ግን አንድ ችግር ነገረው። የሰር ሆም ፖፓም የባንዲራ መዝገበ ቃላት «ይተማመናል» የሚል ቃል ስለሌለው ፊደል በፊደል መስቀል ሊያስፈልግ ነው፤ «ይጠብቃል» ግን በአንድ ስቅለት ያልቃል። ኔልሰን ተስማማ። በዚህ ምክንያት ለባሕረኞቹ የደረሰው መተማመን ሳይሆን መጠበቅ ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዋዛ አይደለም፤ የሚተማመን ሰው ዕዳ የሚያስገባው ራሱን ነው፣ የሚጠብቅ ግን ሌላውን። መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጀ ሰው ጦር አዛዥ ብዙ ጊዜ የትኛው ቃል እንደሚያስፈልገው ገምቶ ነበር፤ መተማመን ከግምቱ ውጭ ቀረ። ሌላም አለ፦ «ግዴታ» የሚለው ቃልም በመዝገቡ ስላልነበረ አራት ፊደሉ አንድ በአንድ ተሰቀለ። በባሕር ኃይል ውስጥ እንዲያው የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ማንም ስም ሊሰጠው ያላሰበ ይመስላል።

አሁን የቡልወር መልስ ደረሰ። በ1872 ቻርልስ ዳርዊን ሰውና እንስሳ ስሜታቸውን እንዴት እንደሚገልጹ የሚመረምረውን መጽሐፍ አወጣ። ዳርዊን ራስን መነቅነቅ አዎን፣ ማወዛወዝ ደግሞ እምቢ ማለቱ በሰው ዘር ሁሉ ዘንድ አንድ ይሆን ዘንድ ቢወድም ማስረጃውን ያልደበቀ ሰው ነበር። ለጥያቄዎቹ መልስ ከሰጡት አንዱ ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ ሐበሻ አገር ረጅም ጊዜ የኖረ፣ በአማርኛ ባሻ ፈለቀ የተባለው። ዳርዊን እንደሚነግረን ስፒዲ የመለሰው ከትዝታው ብቻ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በእሱ ሞግዚትነት ሥር የነበረውን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ እያየም ነው። በመቅደላ አባቱን ያጣው ልዑል ዓለማየሁ ሳያውቀው ለሳይንስ መረጃ ሆነ ማለት ነው። መጽሐፉ ውስጥ የገባው ይህ ነው፦ ሐበሾች እምቢ ሲሉ ራሳቸውን ወደ ቀኝ ትከሻ ነቅነቅ አድርገው አፋቸውን ሳይከፍቱ ምላሳቸውን ያጮኻሉ፤ እሺ ሲሉ ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀና አድርገው ቅንድባቸውን ላፍታ ከፍ ያደርጋሉ። ቅንድቡን የዛሬ አንባቢም ያውቀዋል። በግሪክና በቱርክ ግን ራስን ወደ ኋላ ቀና ማድረግ «አይሆንም» ማለት ነው። አንድ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። በእጅ መጥራትም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አንድ ጣቱን ሲያጥፍ አክብሮት ማጉደሉ አይታየውም፣ በእኛ አገር ግን ትልቅ ሰው የሚጠራው መዳፍ ወደ ታች ሆኖ ነው። ስለዚህ ትርጉሙ በእጁ ውስጥ አይደለም፤ ለማን እጁን እንዳነሳ በሚያውቀው ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ቡልወር የሣላቸው እጆች ከባቢሎን አላመለጡም።

በዚህ መሀል በለንደን መንገድ ላይ ሌላ ቃል በተቃራኒው ይጓዝ ነበር። «ሄይል» ከሰሜን ባሕር ዘራፊዎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሥሩ ጤና ማለት ነው። እንደ «ጤና ይስጥልኝ» ያለ ሰላምታ ነበር። መርከበኞች ወሰዱትና ከመርከብ ወደ መርከብ መጮህ ሆነ፤ ከዚያ ወደ የብስ ወጣ። በ1634 ካፒቴን ቤይሊ የሚባል የቀድሞ ባሕረኛ በስትራንድ ጎዳና አራት የኪራይ ሠረገላዎች አቁሞ የመጀመሪያውን የሠረገላ መቆሚያ ከፈተ። ከተማዋ ስትሰፋና ጫጫታው ሲበዛ ድምፅ አልበቃ አለ፤ መጮኹ ወደ ክንድ ተላለፈ። እስካሁን ያየናቸው ቃላት ከአካል ሲሸሹ ይህኛው ወደ አካል መጣ፤ ሆኖም ጥያቄው አልተቀየረም። በለንደን ሕግ በመንገድ ላይ እጅ ተነስቶለት መቆም የሚችለው ፈቃድ ያለው ታክሲ ብቻ ነው፤ ሌላው የኪራይ መኪና አስቀድሞ መያዝ አለበት። ሰላምታ የነበረው ቃል የሁለት ሙያዎች ድንበር ሆነ፣ ድንበሩን የጣሰም ይቀጣል። አሜሪካኖች በበኩላቸው በትናንሽ ጣቢያ ባቡርን በባንዲራ ያስቆሙ ነበርና «በባንዲራ ማስቆም» የሚለውን ግስ ለመኪናም ተጠቀሙበት፤ ገንዘብ የሌለው መንገደኛ ደግሞ በአውራ ጣቱ ይለምናል፣ ማንም ግን የመቆም ግዴታ የለበትም።

በመጋቢት 28 ቀን 1979 ምሽት ራስን የመነቅነቅ ነገር አንድ መንግሥት ላይ መጣ። በእንግሊዝ ምክር ቤት ደንብ የታመመ አባል ወደ ድምፅ መስጫው መተላለፊያ መሄድ ቢያቅተው፣ ምክር ቤቱ ግቢ ውስጥ እስካለ ድረስ የፓርቲ ተቆጣጣሪዎች አይተውት ራሳቸውን በመነቅነቅ ድምፁን ያስቆጥሩለታል። የጄምስ ካላሃን መንግሥት የመተማመኛ ድምፅ ሊሰጥበት ሲል ሰር አልፍሬድ ብሮውተን የተባለ የራሱ ፓርቲ አባል በዮርክሻየር በጠና ታሞ ተኝቶ ነበር። በአምቡላንስ ግቢው ቢደርስ፣ ሳይወርድ ድምፁ ይቆጠርለት ነበር፤ ግን መንገድ ላይ ሊሞት ይችላል። ካላሃን አልጠራውም። ውጤቱ 311 ለ310 ሆነ፣ መንግሥት በአንድ ድምፅ ወደቀ፣ ብሮውተን ከቀናት በኋላ አረፈ፣ በግንቦት ምርጫ ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን ያዙ። የፓርቲ ጥሪ እምቢ የማይባል ትእዛዝ ነው፤ በዚያች ሌሊት ግን የሚጠራው ሰው መምጣት እንደማይችል አስቀድሞ የቆጠረው ጠሪው ራሱ ነበር።

በጥር 2015 የአሶሲዬትድ ፕሬስ የጽሑፍ መመሪያ በስልክ ስለሚያዙ መኪናዎች ለጋዜጠኞች ብያኔ ሰጠ፦ «ራይድ ሼሪንግ» አትበሉ፣ ማንም ምንም አይካፈልም፤ «ራይድ ሄይሊንግ» በሉ። የባሕር ዘራፊዎቹ የጤና ምኞት ድምፅ የሌለው፣ ክንድ የማይነሳበት ጥሪ ስም ሆነ። ተሳፋሪው አንገቱን ደፍቶ መስታወት ይነካል፤ አሽከርካሪውም ጥሪ ቢያልፍ ስልኩ ይቆጥርበታል። መኪናው ሲደርስ ግን በመንገዱ ዳር አሥር ሰው ቆሟል፣ አሽከርካሪው ማን እንደጠራው አያውቅም፤ ፍጥነቱን ቀንሶ እየተንፏቀቀ በመስኮቱ ሲመለከት፣ ከመካከላቸው አንዱ ስልኩን ወደ ሌላኛው እጁ አዛውሮ ባዶውን እጅ ከፍ ያደርጋል።